ሲቪያችሁን ማን ነው የሚያነበው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡት ደብዳቤዎች ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ላይ ተገጣጥመዋል። ኦንላይን ማመልከቻ፣ ከዚያ ዝምታ። ስለዚህ የቤት ኪራዩንና የጋብቻውን ጥያቄ ለሌላ ጊዜ አቆይተን ዓምዱን በሙሉ ለሲቪ ሰጥተነዋል። የጸሐፊዎቹን ስም አላወጣንም።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ ቤት ቁጭ ብያለሁ። ቴሌግራም ላይ ያየሁትን ማስታወቂያ ሁሉ አመለክታለሁ። ባንክ፣ ኤንጂኦ፣ ፋብሪካ አልመርጥም። አብዛኞቹ መልስም አይሰጡ። ባለፈው ግን ለአንድ የውጭ ድርጅት ማታ አመልክቼ፣ ሻይ አፍልቼ ሳልጨርስ ‹እናዝናለን› የሚል ኢሜይል መጣልኝ። በዚያ ሰዓት ማን ቁጭ ብሎ አነበበው? ጓደኞቼ ኮምፒውተር ነው የሚጥለው ይላሉ። እውነት ነው? ከሆነስ እንዴት ነው የማልፈው? ሲቪዬን አያይዣለሁ።» ከሸዋበር፣ ደሴ

እህቴ፣ አብሽሪ። ያ ኢሜይል ስለ ችሎታሽ ምንም አይናገርም። በዚያ ሰዓት ሲቪሽን የከፈተ ሰው የለም። ኮምፒውተሩም ቢሆን ሲቪሽን አንብቦ ሳይሆን አይቀርም የጣለሽ ብለሽ አትዘኚ፤ በሌላ ነገር ነው፣ እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ሶፍትዌሩ ምን እንደሚሠራ እንነጋገር፤ ስለሱ የሚወራው ግማሹ ተረት ነውና።

ብዙ ትልልቅ ድርጅቶች ማመልከቻ በኢሜይል መቀበል ካቆሙ ቆዩ። ወርክዴይ፣ የኦራክል ታሊዮ፣ ግሪንሃውስ የሚባሉ፣ ማመልከቻ ተቀብለው የሚያደራጁ ሲስተሞች አሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ሴክሬታሪያት ደግሞ ኢንስፒራ የሚባል አለው። ፋይልሽን ስትጭኚ ሲስተሙ ከፍቶ ፊደሉን ይለቅማል። ከለቀመው ውስጥ ስምሽን፣ ስልክሽን፣ የት እንደተማርሽ፣ የት ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራሽ ለይቶ በየሳጥኑ ያስቀምጣል። ከዚያ የቅጥር ባለሙያዋ ትመጣለች። ጉግል ላይ እንደምንፈልገው «ፒችትሪ» (የሒሳብ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ነው) ብላ ትጽፋለች፣ «ባንክ ሪኮንሲሌሽን» (የድርጅቱን መዝገብ ከባንክ መግለጫ ጋር ማመሳከር) ብላ ትጽፋለች፣ ያ ቃል ያለባቸው ሰዎች ተዘርዝረው ይወጡላታል። አንዳንዱ ሲስተም ሲቪውን ከማስታወቂያው ጋር አመሳክሮ ነጥብ ሰጥቶ ከላይ ወደ ታች ይደረድርላታል። ብዙ መቶ ሰው ባመለከተበት ቦታ እሷ ከላይ ያሉትን ታያለች፣ የሚበቃትን ሰው ስታገኝ ታቆማለች። የቀረው ሰው አልተጣለም፤ ከታች ቀረ እንጂ። ውጤቱ ለአንቺ ያው ነው፣ መፍትሔው ግን ይለያያል። «ከመቶ 75ቱን ሲቪ ማሽን ይጥለዋል» የሚል ቪዲዮ አይተሽ ይሆናል። ቁጥሩ በየቦታው ይዞራል፤ ጥናቱ ይኸውና ብሎ የሚያሳይ ግን የለም።

ታዲያ ሻይሽን ሳትጠጪ የጣለሽ ምንድን ነው? ጥያቄዎቹ ናቸው። ፎርሙ ላይ «በሙያው ስንት ዓመት ሠርተዋል?»፣ «ዲግሪ አለዎት?»፣ «በአገሩ ለመሥራት ፈቃድ አለዎት?» የሚሉ፣ ሰው ሳያስተውል ጠቅ ጠቅ አድርጎ የሚያልፋቸው ነገሮች አሉ። ቀጣሪው አስቀድሞ «ከ2 ዓመት በታች የመለሰውን አሰናብት» ብሎ ካዘዘው ሲስተሙ ሰው አይጠብቅም፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ያሰናብታል። በደቂቃዎች ውስጥ የመጣ «እናዝናለን» አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ነው። አንቺ ዜሮ ብለሽ ሞልተሽ ከሆነ እውነትሽን ነው፤ 2 ዓመት የሚጠይቅ ቦታ ላይ ግን ያ መልስ በሩን ይዘጋል።

ዋሽተሽ 2 በይ አልልሽም። የሥራ ልምድ ደብዳቤ አምጪ የምትባይበት ቀን ይመጣል፤ እኛ አገር ደግሞ ልምዱ ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ይረጋገጥ የሚሉ ማስታወቂያዎች ብዙ ናቸው። ይልቅ ጥያቄውን ቃል በቃል አንብቢው። «ከምረቃ በኋላ» ካለ አፓረንትሺፕ አይቆጠርም፣ አለቀ። «አግባብነት ያለው ልምድ» ብቻ ካለ ግን የአፓረንትሺፕሽንና የበጎ ፈቃድ ሥራሽን ወራት ከነስማቸው ጽፈሽ ማቅረብ ትችያለሽ፤ ምን እንደሆነ እስካልደበቅሽ ድረስ መወሰኑ የነሱ ፋንታ ነው። ከዚያ የቀረው ጊዜሽን መቆጠብ ነው። 5 ዓመት ለሚጠይቅ ቦታ ማታ ማታ ዓይንሽን አታድክሚ። ቴሌግራም ላይ የወጣውን ሁሉ ማመልከት ትጋት ይመስላል፤ አንድ ዓይነት ሲቪ ለሃምሳ ቦታ መላክ ግን ለአንዱም እንዳለመላክ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

አሁን ወደ ሲቪሽ። ከፍተን አየነው፣ በደንብ የተጻፈ ነው። ችግሩ ፎቶ መሆኑ ነው። ጽሕፈት ቤት አስጽፈሽ አሳትመሽዋል፤ ከዚያ በስልክሽ በካምስካነር አንስተሽ ከቴምፖውና ከስቱደንት ኮፒው ጋር በአንድ ፒዲኤፍ ጠርዘሽዋል። ሰው ቢያየው ያነበዋል። ፊደል ለሚለቅመው ሲስተም ግን ገጹ ላይ ፊደል የለም። ከፎቶ ላይ ፊደል ማንበብ የሚችሉ ሲስተሞች አሉ፣ ሁሉም አይደሉም፤ የሚችሉትም ጥላ ያረፈበትና የተጨማደደ ወረቀት ላይ ይሳሳታሉ። ከደሴ ከደረሱን ሲቪዎች ውስጥ ያንቺ ዓይነቱ ብዙ ነው። ሰዉ እንግሊዝኛዬ ነው፣ ነጥቤ ነው፣ ዕድሌ ነው እያለ ራሱን ይበላል፣ ጉዳዩ ግን ባዶ ገጽ ልኮ መቀመጡ ነው።

ራስሽ መፈተን ትችያለሽ፣ ስልክ ይበቃል። ፋይሉን ክፈቺና አንድ ቃል ላይ ጣትሽን አሳርፈሽ ያዢ። ቃሉ ከተመረጠልሽ ፊደል አለው። ሁሉንም ኮፒ አድርጊና ቴሌግራም ውስጥ ሴቭድ ሜሴጅ ላይ ለጥፊው። እዚያ ላይ የምታይው ሲስተሙ ከሚያየው ብዙ አይርቅም። ስልክ ቁጥርሽ ከጠፋ፣ ሥራሽ ከትምህርትሽ መሐል ከገባ፣ ቃላት ከተጣበቁ፣ እዚያው ታይዋለሽ።

ስለዚህ ሲቪውን ወርድ ላይ እንደገና ጻፊው። አንድ ዓምድ ብቻ፣ ሠንጠረዥ የሌለው፣ ሳጥን የሌለው። ስምሽንና ስልክሽን ገጹ አናት ላይ ባለው ሄደር ውስጥ አትክተቺ፤ ሄደርና ፉተር የማያነቡ ሲስተሞች አሉ፣ ሰዎቹ ወደውሽ ስልክሽን ቢያጡትስ? በዋናው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይሁን። ርዕሶቹም የተለመዱት ይሁኑ፦ ወርክ ኤክስፒሪየንስ፣ ኤዱኬሽን፣ ስኪልስ። «የሕይወት ጉዞዬ» ብሎ ርዕስ መስጠት ያምራል፣ ሲስተሙ ግን ሥራ መሆኑ አይገባውም። ከዚያ ከወርዱ በቀጥታ ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ማስታወቂያው ወርድ ላኩ ካለ ወርዱን ላኪ። ዲግሪውና ስቱደንት ኮፒው ለየብቻ፣ በተጠየቁበት ቦታ ይጫኑ። የጋብቻ ሁኔታ፣ ሃይማኖት፣ የቤት ቁጥር የሚሉትን አውጫቸው። ለውጭ ድርጅት አይጠቅሙም፣ የሚጎዱበት ጊዜ ግን አለ።

ከዚህ በኋላ ነው ሲቪን ለማስታወቂያው መስፋት የሚባለው የሚመጣው። አንድ ረጅም ፋይል ይኑርሽ፣ የሠራሽው ሁሉ ያለበት፣ ለማንም የማይላክ። ማስታወቂያ ስታገኚ «ተፈላጊ ችሎታ» የሚለውን ክፍል አንብቢና የሚደጋገሙትን ቃላት አስምሪባቸው። ከነዚያ ውስጥ በእውነት የሠራሽውን ከረጅሙ ፋይል አምጪና በእነሱ አጠራር ጻፊው። ለምሳሌ አሁን ሲቪሽ ላይ ያለው «በአንድ ሆቴል የፋይናንስ ክፍል የተለያዩ ሥራዎችን ሠርቻለሁ» የሚል ነው። የተለያዩ ሥራዎች ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም! ምን ሠራሽ? ፔይሮል በኤክሴል አዘጋጅተሽ የሥራ ግብሩንና የጡረታውን፣ የሠራተኛውን 7 እና የአሠሪውን 11 በመቶ፣ አስልተሽ ከሆነ እሱን ጻፊ። ባንክ ሪኮንሲሌሽን ሠርተሽ ከሆነ በስሙ ጥሪው። ፒችትሪ ላይ መዝግበሽ ከሆነ «ፒችትሪ፣ አሁን ሴጅ 50 የሚባለው» ብለሽ ሁለቱንም ስም አስገቢ፤ ማስታወቂያ አውጪው በየትኛው እንደሚጠራው አታውቂም። አይኤፍአርኤስን (ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) በአጭሩም በሙሉ ስሙም ጻፊው። አጠር ያለውን ብቻ የሚፈልግ ሲስተም ረጅሙን ላያውቀው ይችላል፣ በተቃራኒውም እንዲሁ። ማስታወቂያውን እንዳለ ገልብጦ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ሰው ሲያነበው ያስቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሲስተም ላለው ቀጣሪ ነው። ደሴ ውስጥ ግማሹ ማስታወቂያ አሁንም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ኦሪጅናልና ኮፒ ይዘሽ ሄደሽ መዝገብ ላይ ትፈርሚያለሽ። እዚያ የሚያየው ሰው ነው፣ የሚያየውም ዲግሪሽንና መስፈርቱን ነው። ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው ኦንላይን ፎርም አላቸው፣ እዚያ ደግሞ ከሲቪው ይልቅ በየሳጥኑ የሞላሽው ይበልጣል። «ሲቪውን ይመልከቱ» ብለሽ ሳጥን ባዶ አትተዪ። ከማመልከትሽ በፊት በማን በር እንደምትገቢ እወቂና እንደ በሩ ልበሺ።

«ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ በጥራት ቁጥጥር ከጥቅምት 2012 እስከ ሰኔ 2016 ሠርቻለሁ። ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ። አሁን አዲስ አበባና ሐዋሳ ላሉ የልብስ ፋብሪካዎች አመለክታለሁ። አንድ ቦታ ስልክ ደውለው ‹ለምንድን ነው ስምንት ዓመት ሥራ ያልሠራኸው?› አሉኝ። ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም።» ከኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ እነሱ የደነገጡት በአንተ ሳይሆን በዘመን አቆጣጠር ነው። ሲቪህ ላይ «2012 – 2016» ብለህ ጽፈሃል። ዓ.ም. መሆኑን አላልክም፣ ሲስተሙም አይጠይቅህም፤ በፈረንጅ ቆጥሮ ከ2016 ጀምሮ ቤት ነው ያለኸው ብሎ መዝግቦሃል። ደውለው መጠየቃቸው ዕድል ነው፣ ብዙው አይደውልም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ቢሆን ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል፦ «ከ2012 እስከ አሁን» ብሎ ከጻፈ ያልሠራውን ሰባት ስምንት ዓመት ይጨምሩለታል፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲደርስ ውሸታም ይባላል።

ለኦንላይን የምትልከውን ሁሉ በፈረንጅ አድርገው፣ ወሩንም ጨምር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት 7 ትደምራለህ፤ ፈረንጆች ዓመት ከቀየሩ በኋላ 8። ስለዚህ ጥቅምት 2012 ኦክቶበር 2019 ይሆናል፣ ሰኔ 2016 ደግሞ ጁን 2024። አራት ዓመት ከስምንት ወር አካባቢ ልምድ አለህ ማለት ነው፤ ከጻፍከው «4 ዓመት» የተሻለ ነው። የምረቃውንም ቀን እንዲሁ። አንዱን በኛ አንዱን በነሱ ማድረግ ከሁሉ የባሰ ነው፤ ሳይመረቅ የተቀጠረ ወይም ሥራ ይዞ የተመረቀ የሚመስል ሲቪ ደርሶን ያውቃል። የሥራ ልምድ ደብዳቤህ በዓ.ም. የተጻፈ ከሆነ ሲቪው ላይ ካለው ቀን ጋር ሲያመሳክሩት እንዳይጋጭ ከቀኑ አጠገብ የኛንም አነስ አድርገህ ማስቀመጥ ትችላለህ። ፎርሙ ላይ ግን የፈረንጁን ብቻ ምረጥ።

ሌላው የሥራ መደብህ ስም ነው። ደብዳቤህ ላይ «ኪውሲ» ነው የሚለው። የምታመለክትበት ማስታወቂያ «ኳሊቲ አሹራንስ ኢንስፔክተር» ይላል። መደቡን ራስህ አትቀይረው፤ ደብዳቤው ሲታይ ይጋጭብሃል። ከደብዳቤው ላይ ያለውን እንዳለ ጻፍና ቀጥሎ ሥራውን በሙሉ ስሙ ግለጸው፤ «ኪውሲ፣ የመጨረሻ ምርት የጥራት ቁጥጥር» እንደማለት። ከዚያ እናንተ በየቀኑ የምትጠሯቸውን ነገሮች አትርሳ። በኤኪውኤል 2.5 (በሚፈቀደው የጉድለት መጠን መለኪያ) ናሙና ታወጣ ከነበር፣ የጉድለት ሪፖርት ታዘጋጅ ከነበር፣ ካይዘን ቡድን ውስጥ ከነበርክ፣ ለገዢ ኦዲት ፋይል ታደራጅ ከነበር ጻፈው። የፋብሪካ ሰው ሥራውን አቃልሎ የመጻፍ ልማድ አለው። «ልብስ አያለሁ» ብሎ ይተወዋል። ቀጣሪዋ የምትፈልገው ቃል ግን አንተ ስለለመድከው ብቻ ሳትጽፍ የተውከው ነው።

ለምን እንደወጣህ ሲቪ ላይ አይጻፍም። ፎርሙ ከጠየቀ «የሠራተኛ ቅነሳ» በል፣ በቂ ነው። አሜሪካ በጃንዋሪ 2022 ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላኪያው ዕድል፣ ካስወጣች ወዲህ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ ያጣው አንተ ብቻ እንዳልሆንክ በዘርፉ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት አለኝ። የከተማው ወጣት ሲቪ የሚያሠራው እኔ ጋ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በካንቫ ባለ ቀለም፣ ጎን ለጎን ሁለት ዓምድ ያለው፣ ፎቶ ያለበት፣ ችሎታው በኮከብ የሚታይ አድርጌ እሠራለሁ፤ ደንበኛ ይወደዋል። አሁን አንዳንድ ልጆች ‹ይህ ኦንላይን አያልፍም› እያሉ ይመልሱብኛል። እውነት ነው ወይስ ሰው አሳስቷቸው?» ከደሴ

እውነት ነው፣ ግን ሥራዎ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በእጅ ለሚሰጥ፣ ሆቴል ወይም ሱቅ ለሚያመለክት ሰው ያማረ ሲቪ ይጠቅማል። ኦንላይን ሲጫን ነው ጣጣው። ብዙ ሲስተም ገጹን ከግራ ወደ ቀኝ በመስመር ነው የሚያነበው፤ ሁለት ዓምድ ሲሆን የግራው «ቋንቋ፦ አማርኛ» ከቀኙ «ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ» ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ለስልክ ያስቀመጧት የስልክ ሥዕል ለሲስተሙ ምንም ናት። ኮከቦቹ ጭራሽ አይነበቡም። ተነበቡም አልተነበቡም፣ ኤክሴል ላይ አራት ኮከብ ምን ማለት ነው? ራሱ ለራሱ የሰጠው አይደል። በኮከቡ ፋንታ «ኤክሴል፦ ፒቮት ቴብል፣ ቪሉክአፕ» ብለው ቢጽፉለት ሰውም ማሽንም ይገባዋል።

ሁለት ሁለት አድርገው ይሥሩላቸው። አንድ ያማረ፣ አንድ ጭር ያለ። ጭር ያለው በወርድ ይሁን፣ አንድ ዓምድ፣ ጥቁር ፊደል። ዋጋ ጨምረው ይጠይቁ፣ ማን ከለከለዎት!

በአማርኛ ሲቪ የሚያሠሩም እንዳሉ እናውቃለን። እዚያ ላይ አንድ የተደበቀ አደጋ አለ። በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች፣ በቪዥዋል ግዕዝ ለምሳሌ፣ የተጻፈ ጽሑፍ ዓይን ላይ አማርኛ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ወይም ሲስተም ሲለቅመው ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። ፓወር ግዕዝ የሚጠቀሙ ከሆነ በዩኒኮድ (ፊደሉ በየኮምፒውተሩ ያው ፊደል ሆኖ በሚነበብበት አጻጻፍ) መጻፍ ስለሚያስችል ወደዚያ ያዙሩት፤ ናያላና ኢብሪማ የሚባሉት የዊንዶውስ ፎንቶች ዩኒኮድ ናቸው። ተጠራጥረው ከሆነ አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ይለጥፉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ሰላም ነው።

ደግሞ፣ ካነሱት አይቀር፣ ሶፍት ኮፒውን ለልጆቹ ይስጧቸው። «ፋይሉ እኔ ጋ ነው፣ መቀየር ስትፈልግ ና» የሚሉ ቤቶች አሉ፤ እርስዎ ከነሱ አይደሉም ብለን እናምናለን። ሲቪ በየማስታወቂያው መቀየር አለበት። ማታ ሦስት ሰዓት ማስታወቂያ ያየ ልጅ፣ ጠዋት እርስዎ ሱቅ እስኪከፍቱ ቀነ ገደቡ ያልፍበታል። ሲመልሱለት ታዲያ እስካን አድርገው ሳይሆን ፋይሉን ራሱን በቴሌግራም ይላኩለት።

«ቲክቶክ ላይ አንድ ልጅ ማስታወቂያውን በሙሉ ኮፒ አድርገህ ሲቪህ ግርጌ ላይ በነጭ ፊደል ለጥፈው፣ ሰው አያየውም ማሽኑ ግን ያነበዋል ይላል። ይሠራል?» ከኮምቦልቻ

ማሽኑ ያነበዋል። ችግሩም እሱ ነው። ሲስተሙ ፊደሉን ሲለቅም ቀለሙን ይጥለዋል፤ ቀጣሪዋ የምታየው ገጽ ላይ ያ ነጭ ጽሑፍ እንደ ሌላው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ቁጭ ይላል። «ተፈላጊ የሥራ ልምድ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ ብዛት 2፣ ደመወዝ በስምምነት» የሚል ነገር ከስምህ ሥር ስታገኝ ምን ትላለህ? ተወው።

«ስሜ ሙሐመድ ነው። በላቲን ሲጻፍ ዲግሪዬ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳዬ ላይ ሌላ፣ የሥራ ልምዴ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ፎርሙ ደግሞ ‹ላስት ኔም› ይለኛል፣ የአባቴን ነው ወይስ የአያቴን?» ከደሴ

ወሎ ውስጥ ይህ ጥያቄ የሌለበት ቤት የለም። ሲቪና ፎርም ላይ እንደ ዲግሪህ ጻፍ፤ መጀመሪያ የሚመሳከረው እሱ ነውና። የሌሎቹ አጻጻፍ የተለየ መሆኑን ማስረጃ ስትጠየቅ ትናገራለህ፣ ጊዜ ስታገኝ ደግሞ ማስተካከል የሚቻለውን አስተካክል። ላስት ኔም ላይ የአባትህን አድርግ፣ የአያትህን ስም የሚጠይቅ ሳጥን ካለ ለብቻው ሙላ። ዛሬ የአባት፣ ነገ የአያት አታድርግ። ሲስተሙ ሁለት ሰው ያደርግሃል።

«ሲቪዬን ቻትጂፒቲ ቢጽፍልኝ ይታወቅብኛል? ደግሞ ማሽን ስለማያዳላ ለሴቶች ይሻላል ይባላል።» ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ

እንግሊዝኛሽን እንዲያርምልሽ፣ የማስታወቂያውን ዋና ዋና ቃላት እንዲያወጣልሽ ብትጠቀሚበት ምንም ክፋት የለውም። ከባዶ ጻፍልኝ ስትይው ግን ያልሠራሽውን ይጨምርልሻል። «ወጪ 30 በመቶ ቀነስኩ» ይላል፤ ከየት አመጣው? ጠያቂው እንዴት ቀነስሽ ሲልሽ መልሱ አንቺ ጋ የለም። እያንዳንዱን መስመር ጮክ ብለሽ አንብቢና ስለሱ ሁለት ደቂቃ ማውራት ካልቻልሽ ሰርዢው። የፋይዳ ቁጥርሽንና የቤተሰብ ጉዳይ እዚያ ውስጥ አታስገቢ።

አያዳላም የሚለውን ግን አትመኚው። አማዞን ሲቪ የሚመዝን ማሽን ሊሠራ ሞክሮ እንደነበር ሮይተርስ በኦክቶበር 2018 ዘግቧል። ማሽኑን ያስተማሩት በአሥር ዓመት ውስጥ በደረሷቸው ሲቪዎች ነበር፣ አብዛኞቹ የወንዶች። ከዚያ ተምሮ «የሴቶች» የሚል ቃል ያለበትን ሲቪ፣ የሴቶች ቼዝ ክለብ መሪ ነበርኩ ዓይነቱን፣ ነጥብ ይቀንስበት ጀመር። ድርጅቱም ትቶታል። ማሽን ሰው ያሳየውን ነው የሚያውቀው።

«እኔ ጡረተኛ ነኝ። ሁለት ልጆች አስመርቄ ሁለቱም ቤት ናቸው። ሶፍትዌር ምናምን ትላላችሁ፣ እኔ የማውቀው ያለ ሰው ሥራ እንደማይገኝ ነው። ለማንኛውም ኢሜይል ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ለሁለቱም በኔ አመለክትላቸዋለሁ። አንድም መልስ አልመጣም።» ከኮምቦልቻ

ጋሼ፣ የሚሉት ነገር የለም ብለን አንሟገትዎትም። በሲስተሙም ውስጥ ቢሆን «ማን ጠቆመዎት?» የሚል ሳጥን ያለበት ፎርም አለ። ልጆችዎ አብሯቸው የተማረ፣ እዚያ ድርጅት ውስጥ የገባ ጓደኛ ካላቸው አስፈቅደው ስሙን ይጻፉ። ይህ ጉቦም አይደል፣ ዘመድም አይደል። ሲቪያቸው በሰው ዓይን የመታየት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄደው በሥራ ፈላጊነት ካልተመዘገቡም ይመዝገቡ።

የኢሜይሉ ነገር ግን አሳስቦናል። ብዙዎቹ ሲስተሞች ሰውን የሚለዩት በኢሜይሉ ነው። ሁለቱ ልጆች በአንድ ኢሜይል ሲመጡ አንድ ሰው ያደርጓቸዋል፤ የኋለኛው ሲቪ የፊተኛውን ሊተካው ይችላል፣ ወይም አንዷ ነርስ ሌላው መሐንዲስ ከሆኑ፣ ነርሷ በአንድ ቀን የሲቪል ምሕንድስና ምሩቅ ትሆናለች። የቃለ መጠይቅ ጥሪም በኢሜይል ነው የሚመጣው፤ እርስዎ ሳያዩት ቀኑ ያለፈ ጥሪ ሊኖር ስለሚችል አሁኑኑ ገብተው ስፓም የሚለውንም ፎልደር ጭምር ይፈትሹ። ከዚያ ለሁለቱም በየስማቸው ጂሜይል ያስከፍቷቸው፣ በየራሳቸው ስልክ ቁጥር።